ሌላ የለም

ሥራዬ ጉቶ ነው። ጉቶ መቁጠር፣ በቃ።
ጉሙ ሳይገለጥ ገና፣ ወፍ ዋሻ ሳይነቃ፣
በጽዱ መሐከል እየዞርኩ በባትሪ
የወደቀን መጻፍ፣ እንደ ዕዳ ቆጣሪ።
ሰኞ ደብረ ሲና፣ መዝገብ በክንዴ ሥር፣
ማህተም አስመትቼ መመለስ ወደ ዱር።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን አፈር ስረግጥ
አንድም ቀን አላየሁ ከቁራጭ ሌላ፣ ከፍልጥ።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ክረምቱ ሲከዳ፣
መጥረቢያ ሰማሁኝ ከገደሉ ጓዳ።
በደረቴ ወረድኩ፣ በአስታው ሥር፣ በአምጃ፣
ዱላዬን ጨብጬ፣ ለሌባው ፍርጃ።
ደረስኩ። ሴት ናት። እልፍነሽ፣ ከታች ሰፈር የማውቃት፣
በልጥ ያሰረችው ጽድ ጀርባዋን አጉብጧት።

«ቁሚ!» አልኩ። ቆመች። «አንተም ቁም!» አለችኝ፣
«እግርህን! እግርህን!» በእጇ ገፋችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከቦቲዬ አፍንጫ ፊት
አንድ ጣት ሲቀራት ቆማለች በሕይወት፤
ነጭ ናት እንዳልል አረንጓዴ ያዛት፣
አረንጓዴ እንዳልል ብርሃን አነጣት፤
ከንፈሯ ሦስት ስንጥቅ፣ ልክ እንደ ወፍ እግር፣
ቅጠሏ ሁለት ብቻ፣ ተነጥፎ ከሥር።

«ልጅ ሳለሁ» አለችኝ፣ ሸክሟን ሳታወርድ፣
«ሞልታ ነበር እኮ እስከ ላይ መንገድ።
አሁን ይቺው ቀረች። እኔም ስመላለስ
ዞሬ ነው የማልፋት፣ ቀሚሴ እንዳይደርስ።»
«ስሟስ?» አልኳት።
«ስም የላትም። ተዋት።
ጽድ ስም አለው፤ ይኸው፣ ምሰሶ አደረጉት።
ኮሶም ስም ነበረው፤ ለሆድ ወቀጡት።»

ሕጉማ በሸክም መቶ ሃምሳ ይላል፤
ያዳነችውስ ነፍስ በስንት ብር ይሰላል?
እንጨቷን ጥላ ሄደች? ወይስ ይዛ ሄደች?
ጉም ነበር። አላየሁም።

መስከረም ላይ ደግሞ አንድ መምህር መጣ፣
በሁለት ጣውላ መሐል የታሰረ ጋዜጣ፤
ሰውየው ደግ ነው፣ ሻይ ነው የጋበዘኝ፤
ሥዕል አወጣና «አይተሃታል?» ሲለኝ
ራሷ ናት። ሦስት ስንጥቅ። የወፍ እግር።
«አለች» ልል አፌን ስከፍት፣ አንድ ነገር
«እግርህን!» አለኝ ከኋላ።
«የለችም» አልኩት። «እኔ ጉቶ ነው የማውቅ። ሌላ...»

ጻድቅ ልሁን ሌባ፣ አላውቅም እስካሁን።
ምናልባት በሱ እጅ ዘሯ ይተርፍ ይሆን?

ማታ መዝገቤ ላይ፣ በኩራዝ፣ ብቻዬን፣
«ጽድ፣ ሁለት ጉቶ» ብዬ ዘጋሁ ቀኔን።
ከሥሩ አንድ መስመር ባዶ ተውኩላት።

ሰኞ ሹሙ ጣቱን ባዶዋ ላይ አሳርፎ
«ይሄስ?» አለኝ።
«ጌታዬ፣ ዞር ብለው ይለፉ።»