ሃያ አንድ ጥርስ

አቃቂ፥ ከአሮጌው ሐዲድ ማዶ፥ ከጨርቃ ጨርቁ አጥር ጥግ፥
የፖስታ ቤት ጡረተኛ ነኝ፤ መነጽሬን በክር የማደርግ።
እትዬ የሺመቤት መጡ፥ አሥራ አንድ ፖስታ በሻሽ ጠቅልለው፤
«ማኅተም ታነባለህ አሉኝ፤ እስቲ ይሄ የምንድን ነው?» ብለው።

የወንድማቸው የማንደፍሮ ናቸው፥ ከሰሜን ግንባር የተላኩ፥
ጫፋቸውን አይጥ የቀመሳቸው፥ በሻማ ጠብታ የተነኩ።
አንዱን ወደ መስኮቱ ያዝኩት።
ቴምብር የለውም፤ የክፍሉ ቁጥር የለበትም፤
የሳንሱር ፊርማ፥ የጣቢያ ስም፥ ቀን — አንዱም።
ጥግ ላይ ግን አንድ ክብ አለ፥ በሐምራዊ ቀለም፤
ዙሪያው ጥርስ፥ መሐሉ ባዶ፤ ፊደል የለም፥ ቁጥር የለም።

ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ለይቻለሁ፤
የምጽዋን ቀለም ከአሥመራው በደብዛው አውቃለሁ፤
ይሄን ግን... «የምሥጢር ክፍል ነው» አልኳቸው። ዋሸሁ።

ማታ ጥርሱን ቆጠርኩ፦ ሃያ አንድ።
ጠዋትም ሃያ አንድ።

እሑድ ግሮሰሪው በር ላይ ሁለት የሲኖ ሾፌሮች ዳማ ይዘዋል፤
አንዱ «በላሁህ!» ብሎ በእርጥቡ ጠረጴዛ ቆርኪውን ይመታል፤
ሲያነሣው
ክብ ቀረ። ጥርሳም ክብ። መሐሉ ባዶ።
ቢራዬን ጥዬ ወጣሁ፤ አስተናጋጁ ልጅ ሂሳብ እያለ
እስከ ሐዲዱ ተከተለኝ።

ለካስ ቆርኪ ነው! ማኅተም ያዡ ምሽጉ ውስጥ ጠፍቶ፥ ወይ ሞቶ፥
«ያልታተመ አይሄድም» ሲባል፥ ማንደፍሮ ከዳማው አንድ ጠጠር አንሥቶ፥
ኮፒያ እርሳስ በምራቁ አርሶ፥ ጥርሱን ቀብቶ፥
ራሱ መንግሥት ሆነ፥ ራሱ ፖስታ ቤት።

እትዬ የሺ ይሄን ሲሰሙ እንባ እስኪወጣቸው ሳቁ፤
«ዳማ እኮ አይችልም! ሁሌ ተበልቶ ነው የሚነሣው» አሉ፥ ጉልበታቸውን እየደቁ።

አንድ ነገር አልነገርኳቸውም።
የአሥሩ ቆርኪ አንድ ነው፤ አንዱ ጥርሱ ወደ ውስጥ የጎበጠ፤
የመጨረሻው ግን ሌላ ነው፤ ሃያ አንዱም ቀጥ ያለ፥ አንድም ያልተቀጠቀጠ።
አድራሻው የማንደፍሮ ጽሕፈት ነው፤ «ለ»ው ያው ወገቡ ሰባራ፤
ማኅተሙን የመታው ግን ሌላ እጅ፥
ምናልባት በዳማው ማዶ የተቀመጠው፥ ሲያሸንፈው የኖረው፥
ተራው ደርሶ የሚጠብቀው ያጣ።

«ይሄኛውስ?» አሉኝ።
«ያው ነው» አልኩ፥ ወደ መስኮቱ እያየሁ።

አሥሩን በሻሹ መልሰው አሰሩ፤ ቋጠሮውን ሁለቴ መቱ።
አሥራ አንደኛውን ለብቻው
ደረታቸው ውስጥ ከተቱ።