መስኮት ቁጥር ሦስት

መስኮት ቁጥር ሦስት የእኔ ነበረች፤
ከላይዋ ጥግ ላይ የተሰነጠቀች።
ሰልፉ ከበር ወጥቶ ዋርካው ሥር ይጠማዘዛል፣
አንዱ ደረሰኙን በጥርሱ ይዟል፣
አንዷ ከዘንዘልማ ሁለት ባጃጅ ቀይራ
የመብራት ልትከፍል መጥታለች ተማርራ።
ጭሱ በስንጥቋ ሾልኮ እየገባ
ነጩን መሐረቤን ጥላሸት ሲቀባ፣
ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ብር ቆጠርኩ፣ ሰው ቆጠርኩ፤
የሚነድደውን ግን ማን ይቆጥራል? እንዲያው ሳልኩ።

ከዚያ ስልኩ መጣ።
«ሂሳብዎን ከቤትዎ» የሚል ወረቀት ወጣ፣
መስኮቴ ላይ ተለጠፈ፤
ሰልፉም እንደ ጉም ተገፈፈ።
ዋርካው ሥር አሁን ርግብ ይለቅማል፣
የሐይቁ ነፋስ እዚህ ድረስ ይሰማል።
ሁለት መቶ እርምጃ! ማን ልብ ብሎ ያውቃል?
ጣና፣ ደንገል ደንገል፣ ለካስ እዚህም ይሸታል።

እኔን ግን አዛወሩኝ ወደ ጓሮ ክፍል።
ሥራዬ አንድ መዝገብ፦ መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ፣
ጄኔሬተሩ ስንት ሊትር ናፍጣ አጠፋ።
ማክሰኞ አርባ ሁለት። ሐሙስ ሠላሳ።
ቅዳሜ ስድሳ፣ መስመሩ ወድቆ እስኪነሳ።
ኮምፒውተሮቹ እንዳይሞቃቸው፣ የሕዝብ ሂሳብ እንዳይጠፋ
ጓሮው ጥቁር ያጨሳል፣ ግድግዳው ብርድ ሲተፋ።
«የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ሲሉ ተረት መስሎኝ ነበር፤
መብራትም ይጠማል ለካ፣ እዚሁ ጢስ ዓባይ ሥር።

ልየው ባጃጁን ሸጦ ይሆን ብዬ ነበር።
ምን ይሸጣል! ስልኩ ይጠራዋል ሲነጋ፣ ሲመሽ፣ ሲያድር።
ሰው ባያጓጉዝ ጫማ ያጓጉዛል፣
ቁጥሩ ጠቦ እንደሆን ማታ መልሶ ይወስዳል።
«ውብአንቺ፣ ድሮ የምጭነው ሰው ያወራኛል፣
ጫማ ምን ያወራል?» ይለኛል።

ትናንት መሸት ሲል የራሴን ሂሳብ ልከፍል
ስልኬን ይዤ ወጣሁ ሐይቁ ዳር፣ በዘንባባው በኩል።
ጣቴን አሳረፍኩ። «ተሳክቷል» አለኝ።
ወዲያው ከተማው ጨለመ፣
የጓሮው ማሽን አጉረመረመ።
ሰዓቴን አየሁ፦ አንድ ከሃያ።

የመዝገቤ ግራ ገጽ በሊትር ሞልቷል።
ቀኙ ባዶ ነው፦
ያልነደደው ቤንዚን፣ ያልተነሳው አቧራ፣
ያልመጣው ሰው...
በምን ስፍር ልስፈረው?
ያቺ የዘንዘልማዋ ሴት
ቀረች እንጂ አልጠፋችም፤
በየትኛው ዓምድ ልጻፋት?