አራት ሜትር በሁለት

መስኮት ቁጥር ሦስት ነው፣ እኔ የምቀመጥበት፣
በሶልትሆልም ወደብ፣ በከተማው ምክር ቤት።
ስሟ ግሌኒስ ታክሬይ፤ በሚያዝያ ከች አለች፣
ካርታዋን በላስቲክ፣ እንደ ሕፃን አቅፋ መጣች።
"ሻይ ነው፣ ዳቦ ነው፣ ትኩስ ትኩስ ቋሊማ፤
ወደቡ አጠገብ፣ ጠርዝ ላይ ከከተማ
መኪናዬን ላቁም፤ ፈቃድ ስጡኝ" አለች።

አውቃታለሁ እኮ!
ሃያ ሁለት ዓመት፣ መጽሐፍ ስትነዳ፣
ከመንደር ወደ መንደር፣ ከሜዳ ወደ ሜዳ፤
በጀት የለም ብለን፣ ያን ሥራ ዘጋነው፤
መኪናውን ለጨረታ፣ እኛው ነን ያወጣነው፤
እሷው ናት የገዛችው።
መደርደሪያውን ነቅላ፣ ምድጃ ተከለች፤
አንዱን ግን ተወችው፣ "ለኩባያ" እያለች።
በአዲሱ ቀለም ሥር፣ ፀሐይ ሲያርፍበት
ይነበባል ዛሬም፣ "ቤተ መጻሕፍት"።

ቅጹን አሾለክሁላት፣ አሥራ አንድ ገጽ ያለው፤
"ያልተሞላ ሳጥን፣ ከተገኘ ውድቅ ነው።"
የጋዙ ምርመራ፣ የእሳት ማጥፊያው ቀን፣
እጇን የምትታጠብበት፣ የውሃው መጠን፣
የመድን ዋስትና፣ በሚሊዮን ፓውንድ፣
መርከብ የምትነዳ፣ ይመስል በዚያ መንገድ።
መንገድ ክፍል ይስማማ፣ ፖሊስ ይጠየቅ፣
ከትምህርት ቤት በር፣ መቶ ሜትር ይራቅ።
ደጅ የሚጠና ሰው፣ ደጁን ያየው ነበር፤
የኛ መስታወት ነው፣ ድምፅ የማያሻግር፣
ወረቀት የሚያሾልክ፣ ከሥሩ ቀጭን በር።

ማስታወቂያው ወጣ፣ በመብራት ምሰሶ፣
ሃያ ስምንት ቀን፣ በዝናብ ርሶ ርሶ፣
ስሟ ታጥቦ ወርዶ፣ ቀረ የኛ ዓርማ።
አንድ ተቃውሞ መጣ፣ ከዚያው ከከተማ፤
ኦስዊን ፔልሃም ነው፣ ባለ ካፌው ከአደባባይ፤
"ይህች ሴት" ሲል ጻፈ፣ "ልትሰርቅ ነው የኔን ሻይ፤
ሽታው፣ ቆሻሻው፣ የወፍ መዓት ከሰማይ!"

ሕጉ ይለካ አለኝ። በኅዳር ማለዳ
ባለ ጎማ መለኪያ፣ እየገፋሁ ወረድኩ፣ ወደቡ ጥግ ሜዳ።
ዐሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ አልነጋም ሌሊቱ፤
በፔልሃም መስኮት፣ ጨለማ ነው ቤቱ።
ሸርጣን የሚያጠምዱ፣ ሦስት ጎረምሶች፣
ቆሻሻ የሚያነሱ፣ የሌሊት ሠራተኞች፣
ከሥራ የወጣች፣ ካፖርት የደረበች ነርስ፣
እጃቸውን በትንፋሽ፣ ያሞቃሉ እስኪደርስ
አውቶቡሱ።
አንዱ ጠጋ አለና፣ "ምንድን ነው ምትለካ?"
"ሻይ" አልኩት።
ሳቀ። "ታዲያስ፣ ስንት ሜትር ሆነ ለካ?"

አራት ሜትር በሁለት፣ በኖራ አሰመርኩ፤
ከሰው ትንፋሽ በቀር፣ ሁሉንም መዘገብኩ፤
ለሱ የሚሆን ሳጥን፣ ቅጹ ውስጥ ፈለግኩ።

የካቲት ላይ ወሰኑ፤ አራት ድምፅ ለሦስት።
ፈቃዱ እንዲህ ይላል፦ "ከአሥራ አንድ እስከ ስምንት፤
ወንበር እንዳይወጣ፤ ጥላ እንዳይዘረጋበት፤
እሑድ አይፈቀድም፤ ያለ አንድ ጠብታ፣
ያለ አንድ ፍርፋሪ፣ ይለቀቅ ቦታ።"
ቁሚ የሚል ወረቀት፣ ሙሉው ስለ መሄድ።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ሄድኩና ተሰለፍኩ፤
ከነርሷ ኋላ ሆኜ፣ በኮሌታዬ ፊቴን ደበቅኩ።
ግሌኒስ አየችኝ። ምንም አልተናገረች፤
ሻዩን ቀዳችና፣ ሳንቲሜን ቆጠረች።
"ስኳር?"
"ሁለት" አልኳት።
"በጽሑፍ ነው ወይ?" አለች።

ከኩባያው መሐል፣ ከዚያች መደርደሪያ፣
ጀርባቸው የላላ፣ መጻሕፍት አየሁ፣ አምስት ስድስት ያህል።
ነርሷ ከሻይዋ ጋር፣ አንዱን ይዛ ሄደች።
መጽሐፍ ለማዋስ፣ ፈቃድ አልጠየቀች።
አላየሁም።

ስምንት ሲሆን ልክ፣ ዝናቡ ሳያቆም፣
ሞተሯን አስነሳች፤ አንድ ደቂቃ አልረፈደም።
እርጥብ አስፋልት ላይ፣ ደረቅ ሆኖ ቀረ
አራት ሜትር በሁለት፣ ጠርዙ የተሠመረ
እንደ ካርታው ሁሉ።
ምልክት አይቅር ነው፣ የሚለው ውሉ።
ልመዝግበው?
ቆሜ አየሁት እንጂ፣ ጠብታ በጠብታ
ዝናቡ ሲሞላው፣ ያንን ባዶ ቦታ።