የሳተው ማነው?

ጌንት ከተማ፣ ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣
መስኮት በሌለበት፣ ብረት በማይገባበት፣
የማግኔቱ አዛዥ ነኝ፣ ቁልፍ የምጫን እኔ፤
የስንቱ ሰው አንጎል አልፏል በዚህ ዓይኔ።

ዛሬ የገባልኝ ዮሪስ የሚሉት ነው፣
የቦይ በር እየከፈተ ጀልባ ሲያሳልፍ የኖረው፤
ከብረት መሰላል አዳልጦት የወደቀ፣
ዓይኑ የተገለጠ፣ ማየቱ ያልታወቀ።
ራሱን ከሳተ አራት ክረምት አልፎታል፤
ምግቡ በቱቦ ነው፤ ጢሙ ግን እንደ ጤነኛ ያድግለታል።

ዶክተር ሃቨርቤክ ወደ ማይኩ ጠጋ አሉና፣
«ዮሪስ፣» አሉት፣ «ስማኝ፣ ልብህን ሰብሰብ አርግና፤
አዎ ለማለት ከሆነ፣ ቴኒስ ስትመታ አስብ፣
አይደለም ለማለት ግን፣ ቤትህን ዙር በሐሳብ።»

ቴኒስ!
ራኬት ነክቶ አያውቅም፤ እሱ የሚያውቀው
እሑድ እሑድ እርግብ ማብረር፣ አንጋጦ መጠበቅ ነው።

ባሥራ ሁለት ሰከንድ፣ ግራጫው ምስል ላይ፣
ምስር የምታህል ብርቱካንማ ነጥብ ብትታይ፣
«አለ! እዚህ አለ!» አጨበጨቡ ተማሪዎች፤
ገና ሳይመሽ ተጠሩ ጋዜጠኞች።

እኔ ምላሴን ያዝኩ።
ባለፈው ጥቅምት፣ ሰኞ ጧት፣ ማሽን ስፈትሽ ለብቻዬ፣
ውኃ የሞላ የፕላስቲክ ኳስ ነበር በሽተኛዬ፤
በዚያው ስሌት፣ በዚያው ልክ፣ ያችው ነጥብ ታየች፤
ተጫወች ያላት የለም፤ ውኃዪቱ ግን ቴኒስ ተጫወተች።
ወሰኑን አንድ ጣት ከፍ ሳደርገው ጠፋች፣
አንድ ጣት ዝቅ ሳደርገው፣ ውኃ ሕልሟን አሰፋች።

ሚስቱ ጎደሊቭ፣ ካፖርቷን እንደቆለፈች፣
የምሥራቹን ሰምታ፣ ለአፍታ እንኳ አልሣቀች።
«ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ ካጠገቡ፤
‹ሾርባ ልጨምርልህ?› ስለው፣
ጢሙን እያሸ፣ እርግቦቹን ቆጥሮ በልቡ፣
ሾርባው ከበረደ፣ እኔም መጠየቄን ከረሳሁ ወዲያ
ነው ‹እስቲ› የሚለኝ።
ባሥራ ሁለት ሰከንድ የመለሰላችሁ ማነው?
እኔ የማላውቀው አንድ ፈጣን ሰው ነው።»

ዶክተሩ ፈገግ ብለው ስለ ቁጥር አስረዱ።
እሷ ጓንቷን አየች።
«ደግሞስ ከሰማ? እውነት እዚያ ውስጥ ካለ?
እርግቦቹን ሸጬ ዩሮውን የቆጠርኩት አልጋው ጫፍ ላይ ነው፤
ለእህቴም ‹በሞተ፣ ባረፈ› ያልኩት እዚያው ነው።
ይህን የሚያህል ነገር በአንድ ምስር አይነገረኝም፤
ማስረጃ ካላችሁ አምጡ፤ በነጥብ ግን አላምንም።»

ራሱን ሳተ እንላለን፣ ቀላል ነው ለአፋችን፤
እሱ ራሱን ሲስት፣ እሱን መሳት የኛ ዕጣችን።
የለም አልልም እኔ። መጠርጠር መካድ አይደለም፤
በር ጠባቂም ቢሆን
በጭጋግ ውስጥ መብራት ስላየ ብቻ በሩን አይከፍትም።
ጥሩምባው እስኪነፋ፣
ከላይ ያለው ውኃ ከታቹ እስኪተካከል
ይቆማል፣ እጁን ብረቱ ላይ አድርጎ።
ዮሪስ ዕድሜውን ያደረገው ይህንኑ ነው።

ማታ፣ ሁሉም ሲበተን፣ ወደ ክፍሉ ስንመልሰው፣
«ዮሪስ፣ ሾርባ ልጨምርልህ?» አለችው በጆሮው፤
የእጅ ሰዓቷን ፈታ ትራሱ ላይ አኖረችው።
አልደገመችም።
እኔም ሥራዬ አልቆ፣ መሄዱን ትቼ፣
በሩ ላይ ቆምኩ።

ሃያ ደቂቃ።
ሃያ አምስት።