ከአረንጓዴው ቀለም ሥር

ከሐረጎ ቁልቁል ወርዶ መንገዱ ከሚታጠፍበት፣
የኮምቦልቻ ጭስ ማታ ማታ እንደ ጉም ከሚያድርበት፣
ሜዳው ለፋብሪካ ሄዶ ዳገቱ ብቻ ከቀረበት
ቀበሌ፣ ሜትር ይዤ ሄድሁ። ጫፉን ያዘችልኝ ጦይባ።
"ቀስ በል" አለችኝ እየሳቀች፣ "ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባ።"

ስድስት በአምስት። ጻፍሁ።
ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ያውም የዛገ፤ ግድግዳው ጭቃና እንጨት።
"የቤት ብዛት" ይላል ቅጹ። አንድ ጭረት አሰመርሁበት።

ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ አንዱ ቤት ሦስት ሆነብኝ።

በግራ ከነጠላው ጀርባ አባቷ ሸህ ይመር ናቸው፣
ዓይናቸው ከከዳ ቆየ፤ ሙስበሃ ነው ብርሃናቸው፤
በቀኝ ከማዳበሪያው ጆንያ፣ ልጇ ሙሄ ከዘምዘም ጋራ፣
የስምንት ወር ሆዷን ይዛ በሹክሹክታ ስታወራ፤
መሀሉ የጦይባ ነው፤ የሦስት ልጅ፣ የሁለት ፍየል።
"ማታ አንዱ ጎኑን ሲያዞር ሌላው እግሩን ይሰበስባል፤
ትዳር እኮ፣ ወንድሜ፣ ድምፅ ሚያሰማበት ጥግ ይሻል።"

ቅጹን አገላበጥሁት። ለመጋረጃ ረድፍ የለውም።
ለተሰበሰበ እግርም የለውም።

ሙሄ አመልክቷል ሦስት ዓመት፤ ፋይሉ በውፍረት ይበልጠዋል፤
ቀበሌው ወደ ከተማ፣ ከተማው ወደ ቀበሌ ይመራዋል።
"ወደ ከተማ ተጠቃላችኋል፤ እኛን አይመለከትም።"
"ፕላኑ ገና አልጸደቀም፤ ገጠር ነው፣ እኛ አንፈርምም።"
የሌሊት ወፍ ሆነ ቀዬው፤ ለአይጥ ወፍ ነው፣ ለወፍ አይጥ፤
ግብሩን ሁለቱም ይወስዳል፤ ቤት ሲሉት ወዲህ ሩጥ፣ ወዲያ ሩጥ።

ካርታው ቢሮ ተሰቅሏል፤ መስታወት ለብሶ፣ አምሮበት፤
ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ ወይን ጠጁ የፋብሪካ።
ጦይባን ፈለግኋት በጣቴ፤ አረንጓዴ ነው ያለችበት።
"መናፈሻ" ይላል ጽሑፉ።
እሷ ቤት እንኳን መናፈሻ፣ መተንፈሻም የለበት።

ከዚያ አንድ ሐሙስ ሌሊት፣ ጨረቃ ሙሉ ስትሆን፣
ወንፈሉ ሳይጠራ መጣ። ባትሪ የለ፣ ወሬ የለ፤
መዶሻው ጨርቅ ለብሶ፣ ምስማሩ በቢስሚላህ ገባ።
ሸህ ይመር ደጅ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ላይ አቅንተው
"ወጣች?" አሉ። "ወጥታለች፣ አባባ።"
"አላህ አያጥፋብን። በሉ በርቱ፣ ሳይነጋባችሁ።"
ጎህ ሲቀድ ቆሞ ነበር፤ አራት በሦስት፣ አሥራ ሁለት ቆርቆሮ፤
ዘምዘም ገብታ በሩን ዘጋችና ሳቀች፤ ጮክ ብላ፣ እንደ ከበሮ።

በመንደር "የጨረቃ ቤት" ነው፤ በሪፖርት "ሕገ ወጥ ግንባታ"።
ጨረቃ ምን አጠፋች? አበራች እንጂ፣ መች መራች ቦታ?

በወሩ ቀይ ቀለም ተሰጠኝ፤ "ምልክት አድርግበት" ተባልሁ።
እኔም እኮ ተከራይ ነኝ፤ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ አጠገብ፣
በሁለት ዓመት ሦስተኛ ቤት፤ ፍራሼን ሳልፈታ እጠቀልላለሁ፤
አከራዬ በረመዳን እንኳ ጨመረ።
ሰው ፕላን አውጪ ይለኛል፤
ሥዕል የምሰቅልበት አንድ ምስማር ግድግዳ ላይ የለኝም።

ደረስሁ። ሙሄ በሩ ላይ ቆሞ ቆርቆሮውን ያየዋል፣ እኔን አያይም።
ጦይባ ከማዶ ስትሮጥ መጣች፣
ቀለሙን አላየችም፤ ሜትሩን ነው ያየችው፣
እንደ ልማዷ ጫፉን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።
"ልትለካልን ነው አይደል? ተፈቀደልን?"

ምን ልበላት?
ጫፉን ሰጠኋት።
"አራት በሦስት" አልሁ፣ ሰው እንዲሰማኝ፤
ቅጹ ላይ አንዱን ሰርዤ "ሁለት" ጻፍሁ።
ነገ ቢሮ ምን ይሉኛል? አላውቅም። ሌላ ሰው ይልኩ ይሆናል፣
ሌላ ብሩሽ። የኔው ቆርቆሮ ድንጋዩ ላይ ሳይከፈት ቀረ።

ከውስጥ ሕፃን አለቀሰ፣ ያለ ይሉኝታ፣ እስኪጠግብ።
ማንም እግሩን አልሰበሰበ።