አሥራ አንደኛዋ ካርድ

መብራት በጠፋበት፣ በስልኬ ጭላንጭል
ሃያ ካርድ ቆረጥሁ ለነገ የሚውል።
ወረቀት ከየት ላምጣ? ከቁም ሣጥኑ ሥር
ማንም ያልወሰደው የፈተና ክምር
ነበረኝ፤ ያን ቀደድሁ፣
በባዶው ጀርባው ላይ በማርከር ጻፍሁ።

ከላይ የአንዱን መልስ፣ ከታች ሌላ ጥያቄ፤
ኪሎ ፓስካሉን በባር፣ ባሩን በቶር ጠይቄ፣
ሰባት መቶ ስልሳ ሚሊ ሜትር ሜርኩሪን
ካንድ አትሞስፌር ጋር ቋጥሬ ጫፍና ጫፉን፣
ክብ አደረግሁት፤ ከየትም ቢጀምሩ
ዞረው ዞረው እዚያው፣ መነሻቸው ሊያድሩ።

ኮዬ ፈጬ ነጋ፤ ውሃ ሌሊት መጣ፣
ግን አራተኛ ፎቅ ሊደርስ አቅም አጣ፤
ጄሪካን ተሸክመው ሲወጡ ሲወርዱ
ልጆቼ እጅጌያቸው ረጥቦ አረፈዱ።
ካርዶቹ ተለጥፈዋል፦ ከሰሌዳው ኋላ፣ ከመስኮቱ ብረት፣
ከወንበሬ በታች፣ መጥረጊያው በቆመበት።

«ሂዱ!» ስል ስድሳ አራት ልጅ ባንዴ ተነሣ፤
የጓደኛውን እግር ረግጦ ደብተር አነሣ።
ፈትያ ጫማዋን አውልቃ ዴስክ ላይ ወጣች፤
«ማባዛት ነው ማካፈል?» ብላ ከላይ ጮኸች።
ማክቤል ማባዛቱን ትቶ አካፍሎ ቢያንስበት
ክፍሉን ሁለቴ ዞረ፣ ካርድ ጠፋበት።
የተሳሳተ መልስ
ቤት የለውም ለካ፣ ግድግዳው ቢታሰስ።

ከዚያ ፍለጋው ቆመ።
ቡድን በቡድን መጥተው አሥረኛዋ ካርድ ሥር ተኮለኮሉ፦
«ሠላሳ ፒ ኤስ አይ ስንት ባር ነው?»
ሁለት ነጥብ ዜሮ ሰባት፤ ሁሉም አግኝተውታል፣
አሥራ አንደኛዋ ግን የለችም።
መስኮቱ ከተሰበረ ዓመቱ ነው፤ ነፋስ ወስዷታል።
ነፋስ ደግሞ ምንድን ነው?
እዚህና እዚያ ያለ የግፊት ልዩነት።
የገዛ ትምህርቴ ሰረቀኝ።

ሶሬሳ ከኋላ ዴስክ ቀና አለ።
ሌሊቱን አደባባዩ ጋ ጎሚስታ ቤት ያድራል፣
ክፍሌ ውስጥ ይተኛል፤ እኔም አልቀሰቅሰውም፣ ተስማምተናል።
«ካርዷ ምን ታደርጋለች?» አለ። «የቪትዝ የፊት ጎማ ነው።
ጌጁ ላይ ሁለት መስመር አለ፣ ጥቁርና ቀይ፤
ጥቁሩ ሠላሳ ሲል ቀዩ ሁለትን ትንሽ ያልፋል።»
ግራሶ ጥፍሩ ሥር የገባ ጣቱን
እንደ ጌጅ ቀስት አወዛውዞ አሳየን።

«ግን ቲቸር፣ ሰባት መቶ ስልሳው የት ነው የተለካው?»
በባሕር ጠለል፣ አልኩት።
«ባሕር ዳር?» አለ አንዱ፤ ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።
«ባሕር ዳርማ ያለው ሐይቅ ነው!»
እኔም ሳቅሁ፤ ስስቅ ገባኝ፤
ዓመቱን ሙሉ ያስተማርኳቸው አየር
አንዳቸውም ተንፍሰውት አያውቁም።
እዚህስ? ወደ አምስት መቶ ዘጠና ቢሆን ነው፣ አልኩ፤
ከፍታው ሸክሙን ቀንሶልናል።
ፈትያ ደብተሯ ጠርዝ ላይ አካፈለች፦
«ዜሮ ነጥብ ሰባት ስምንት አትሞስፌር!
ቲቸር፣ እኛ አንድ እንኳ አንሞላም?»
አሁን የሳቀ የለም።
ሃያ አንደኛ ካርድ ጻፍን፣ «ኮዬ ፈጬ» ብለን፤
ክቡ ውስጥ አትገባም፣ ብቻዋን ተለጠፈች።

ማታ በጎሚስታው በኩል አለፍሁ።
ኮምፕረሰሩ ያጓራል። ቆርቆሮው ላይ፣ ከጌጁ አጠገብ
አሥራ አንደኛዋ ካርዴ፣ ጭቃዋ ደርቆ፣
በጎማ ማስቲሽ ተለጥፋለች።
«መንገድ ላይ አገኘኋት» አለኝ ሶሬሳ።
ነፋስ አንድ ጠርዟን ገለጠው፤
በጀርባዋ ቀይ እስክሪብቶ፦ አራት ከሃያ።
የኔ እጅ ጽሑፍ። የሱ ስም።
አይቶታል። ምንም አላለኝም።
ማስቲሹ እስኪይዝ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ተጭኖ ቆየ፣
ከዚያ ወደሚጠብቀው ሚኒባስ ዞረ፦
«ስንት ልሙላልህ?»