ቀድመውኝ ያዘኑ

ሰኞ ዕለት ሁሉም ሰው ደግ ሆነብኝ።
ፖስታ ቤት ፊት ለፊት፣ ከቢሯችን በር ላይ
ዘበኛው ጋሽ ሻረው ቦርሳዬን ሳይፈትሽ አሳለፈኝ፤
ሌላ ቀን «ዛሬም አረፈድሽ፣ እመቤት» ባይ
ጫማውን እያየ «በርቺ እንግዲህ» አለኝ።
ፋንቱ የምሳዬን ከፈለች። ፋንቱ!
አምስት ብር አበድራ ስድስቴ የምታስታውስ!
አለቃዬ ደግሞ፣ ሪፖርቱን ሳልጨርስ፣
«ነገ ይደርሳል» አለኝ፣
ነገ እንደማልመጣ እያወቀ።

እኔ ደስ አለኝ።
«ሰው እንዲህ ነው ለካ» እያልኩ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ
ወደ ፒያሳ ወጣሁ፣ ለብቻዬ እየሳቅሁ።
ደብረ ብርሃን ለዘመድ ሠርግ የሄደው አባቴ
ከሞተ ስድስት ሰዓት አልፎት ነበር።

ሐዘኔን አርባ ሰው ተካፍሎ ይዞት ውሏል፤
አንዱ በኪሱ፣ አንዷ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ።
እትዬ ዘርፌ ማታ መጥታ «ስልክሽን አውሺኝ» አለች፤
ወሰደችው፣ አልመለሰችም።
እንደ ሕፃን እራት በላሁ፣ እንደ ሕፃን ተኛሁ።
እነሱ አልተኙም።

ሊነጋጋ ሲል በሩ ተንኳኳ።
ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከፊት የዕድሩ ዳኛ
ጋሽ ምንውዬለት፣
ጉሮሯቸውን ጠረጉ።
በዚያች ጠረጋ ገባኝ፤
የቀረው ስሙን መጥራት ብቻ ነበር።

ሰፈራችን እሪ በከንቱ ይባላል፤ ስሙን እኔ አላወጣሁትም።
ድንኳኑ ተተከለ፣ አልቃሿ መጣች ከሠራተኛ ሰፈር፤
ቃሏ እንደ ልብስ የተለካ፦

«መርፌው ተቀመጠ፣ ክሩ ተበጠሰ፣
የሰው ልብስ ሲሰፋ እሱ አፈር ለበሰ።
ጥላዬ ጥላዬ፣ ምነው ዘጋህ ደጅህን?
ያለ ጥላ ቀርታ ፀሐይ መታት ልጅህን!»

ድንኳኑ ተናወጠ። የማያውቁት ሳይቀሩ አለቀሱለት።
እኔ ብቻ «ደጅና ልጅ፣ እንዴት ገጠመች!» እያልኩ
ቤት መምታቱን እቆጥራለሁ።
ደረቴን መታሁ፤ ሲመቱ አይቻለሁና።
«ወይኔ» አልኩ፤ ሲባል ሰምቻለሁና።
ዓይኔ ግን ዝም።

ከኋላዬ ሹክሹክታ፦ «ምን ያለች ደረቅ ናት!»
«ተዋት፣ ደንግጣ ነው።» እትዬ ዘርፌ ትሆናለች።
ወንድሜን ውብሸትን ደግሞ እንባው አላስቀምጥ ቢለው
ሁለት ሰው ደግፎ አወጣው፦
«ወንድ አይደለህ እንዴ? ዋጠው!»
ምናለ የእሱን ለእኔ ቢሰጡኝ፣
ዝምታዬን እሱ ቢወስድልኝ፤
ሁለታችንም ባማረብን።

ሠልስቱ ወጣ። ካርታ ተዘረጋ፣ ሳቅም ተፈቀደ።
አርባው ወጣ። ጥቁሬን ለብሼ ሥራ ገባሁ፤
ጋሽ ሻረው ቀልዱን ጀመረ፣ ፋንቱ ብሯን ጠየቀች።
ማለቁ የታወቀው በዚያ ነው።

በሃምሳ ሁለተኛው ቀን፣ በለገሃር ታክሲ ውስጥ፣
ሒሳብ ላወጣ እጄን ወደ ካፖርቴ ስሰድ
አራተኛዋን ቁልፍ ነካኋት።
ሊሄድ ሲል፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የተከላት ናት፤
ካፖርቱ ጥቁር፣ ክሩ ሰማያዊ።
ዓይኑ ከድቶት «ጥቁር ነው» ብሎ ተከራከረኝ።
«እሺ፣ ጥቁር ነው» ብዬው ነበር።

ያኔ መጣ።
ደረት ሳያስመታ፣ ቃል ሳይፈልግ፣
እንደ ሳል፣ እንደ ስርቅታ፣ በአፍንጫ በአፌ።
ሾፌሩ ዘፈኑን ቀነሰ።
ከጎኔ ያሉት ሽማግሌ «ማን ሞተብሽ፣ ልጄ?»
«አባቴ።»
«መቼ?»
ነገርኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ።
«አርባው አልፏል እኮ! ከዚህ ወዲያ ማልቀስ
መንገደኛን ከመንገዱ መመለስ ነው» አሉኝ፤
አሉኝና ዓይናቸው ሞልቶ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ፖስታ ቤትን አለፍን፣ መውረጃዬን።
«ወራጅ አለ» ልል አፌን ብከፍት
የወጣው የአልቃሿ ዜማ ነበር፣
ረዘም ብሎ፣ ጫፉ ላይ ወድቆ።
ለካስ ቤት ስትመታ እየቆጠርኩ
እሷ ገብታ ተቀምጣብኝ ኖሯል።

ረዳቱ፣ ጢም ያላወጣ ልጅ፣ በሩን ሳበልኝ።
ሒሳቤን ብዘረጋለት
ጣቶቼን በብሩ ላይ መልሶ አጠፋቸው።
ምንም አላለኝም።
ማን እንዳስተማረው አላውቅም።